«ሽማግሌ ልላክባት ወይ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቴክሳስ የምኖር የረጅም ርቀት የትራክ ሹፌር ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ናሽናል ጋርድ በሚባለው ተጠባባቂ ጦር አገለግላለሁ። ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ እቆይና ድሪል የምንለው ወርሃዊ ልምምድ ሲደርስ ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ ወደ ቤት የሚያመጣኝን ሎድ ይሰጠኛል፤ አራት ቀን ቤት እሆናለሁ። ከክረምት ወዲህ ግን ባለቤቴ «ወይ እኔን ወይ ውትድርናውን ምረጥ» ትለኛለች። የዓመቱን የድሪል ካላንደር ገና በኦክቶበር ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌላታለሁ፤ አላውቅም ማለት አትችልም። 12 ዓመት አገልግያለሁ፤ በሰኔ ለተጨማሪ 6 ዓመት ፈርሜአለሁ። 20 ሲሞላ ጡረታ አለኝ፤ የቤተሰቡ የጤና ኢንሹራንስም በዚያው ነው። አሁን ደግሞ የራሴን ትራክ በሊዝ ልይዝ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስረዳልኝ ሽማግሌ ልላክባት ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሒሳብህ ላይ ስሕተት አላየሁም። ትራይኬር ሪዘርቭ ሴሌክት የሚባለው የተጠባባቂዎች የጤና ኢንሹራንስ ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። 20 ብቁ ዓመት የሞላው ተጠባባቂም አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ዓመቱ ጀምሮ ጡረታ ይከፈለዋል። 12 ዓመት ተለፍቶበት መተው እንደሚያስቆጭ ይገባኛል። ነገር ግን ባለቤትህ ስለ ኢንሹራንሱም ሆነ ስለ ጡረታው የተከራከረችበት አንድም መስመር ደብዳቤህ ውስጥ አላገኘሁም። ያልጠየቀችህን እየመለስክላት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

እኔን ያስቆመኝ «በሰኔ ፈርሜአለሁ» ያልከው ነው። ከመፈረምህ በፊት አማክረሃት እንደሆነ አልጻፍክም። ጭቅጭቁም የተጀመረው በክረምት ነው። ሁለቱ የተገጣጠሙ አይመስለኝም።

የተጠባባቂዎችን የሥራ መብት የሚጠብቀው ዩሴራ የተባለው የ1994ቱ ሕግ አሠሪህን አስቀድመህ እንድታሳውቅ እንጂ እንድታስፈቅድ አይጠይቅህም። ማሳወቁ በቃልም በጽሑፍም ይሆናል። ከድሪል ስትመለስም ቤትህ በሰላም ገብተህ 8 ሰዓት ካረፍክ በኋላ ባለው መደበኛ የሥራ ፈረቃ ወደ ሥራህ ትገባለህ። ሕጉ እንዲህ የሆነው አሠሪ ጥቅሙን አስልቶ ሊከለክልህ ስለሚችል ነው፤ ደግም አድርጓል። ነገር ግን በዚህ አሠራር 12 ዓመት የኖረ ሰው ማሳወቅን እንደ መመካከር መቁጠር ይለምድበታል። አንተም ይህንኑ ይዘህ ቤት የገባህ ይመስለኛል። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍከው ካላንደር ለዲስፓቸርህ የላክኸው ራሱ አይደለምን? ሚስትህ ግን አሠሪህ አይደለችም። ስለዚህ «አላውቅም ማለት አትችልም» ብትላት ልክ ነህ፤ ያውም ታውቃለች። ቅሬታዋ አለማወቋ ሳይሆን አለመጠየቋ ቢሆንስ?

እስቲ አራቱን ቀን በእሷ ዓይን ቁጠራቸው። ሐሙስ ማታ ትደርሳለህ። ዓርብ እንቅልፍህን ትጠግባለህ፣ ልብስህን ታጥባለህ፣ የወታደር ቦርሳህን ታዘጋጃለህ። ቅዳሜና እሑድ ድሪል ነህ፤ ሰኞ ማለዳ ትራክህ ላይ ትወጣለህ። የቀራት ግማሽ ዓርብ ነው፤ እሱንም ልጆቹ ትምህርት ቤት ውለው ይመጣሉ። የሹፌሮች የሰዓት ደንብ የድሪሉን ጊዜ ከሥራ ውጪ ብለህ የሰዓት መዝገብህ (ሎግህ) ላይ እንድታስገባው ይፈቅድልሃል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አርፈሃል፣ ሰኞ ለ11 ሰዓታት መንዳት ትችላለህ። ሰውነትህ ግን አላረፈም፤ እሷም አላገኘችህም። «አራት ቀን ቤት እሆናለሁ» ብለህ ስትጽፍልኝ በሎጉ አቆጣጠር ነው የጻፍከው።

ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም። ሁለት ሥራ የምትሠራው ለእነሱ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ለድሪል ሲሆን ሎድ ማስቀየር እንደምትችል ራስህ ነግረኸኛል። ለልጆችህ ልደት ወይም ለፋሲካ አስቀይረህ ታውቃለህ?

ሽማግሌውን ለጊዜው ተወው። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ የምትጠሩት ሽማግሌ ትዳር ያተርፋል፤ አንተ ብቻ መርጠህ የምትልክባት ግን ሳትጠየቅ የተወሰነባት ሌላ ነገር ነው የሚሆንባት።

ከማስረዳትህ በፊት «ሳልጠይቅሽ ፈረምኩ» በላት፤ ምክንያቱን አትደርድር። ወዲያው ላትለሰልስ ትችላለች፤ የወራት ቅሬታ በአንድ ምሽት አይወጣም። የፈረምከው ውል እንዲሁ የሚሰረዝ አይደለም። ሆኖም የድሪል ቀን በአዛዥ ቅድመ ፈቃድ ወደ ሌላ ጊዜ የሚዛወርበት አሠራር አለ፤ እምቢ ሊባል ቢችልም መጠየቁ አይከፋም። ከድሪል ጋር ያልተያያዘ የቤት ቀን እንዲሰጥህም ዲስፓቸርህን ጠይቀው። ካልሆነ በየሳምንቱ ቤት የሚያስገባ የአካባቢ ሥራ ደመወዙ ቢቀንስም አስቡበት።

ሊዙን ግን እሷ ሳታየው አትፈርም። ዩሴራ የሚጠብቀው ተቀጣሪን ነው፤ በራስህ ትራክ እንደ ገለልተኛ ተቋራጭ ስትሠራ በአብዛኛው ከለላው የለህም። ለወራት ለግዳጅ ብትጠራ ሎድ ይቆማል፣ የትራኩ ክፍያና ኢንሹራንሱ ግን አይቆሙም። ከጥሪው በፊት የተወሰደ ብድር በንቁ አገልግሎት ላይ እያለህ ወለዱ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ የሚያደርግ ሕግ አለ፤ ይህ ግን ወለዱን እንጂ ዋናውን አይነካም። ባለቤትህ ሕጎቹን በስማቸው ባታውቃቸውም፣ አንተ በሌለህበት ወር ክፍያ ለመጠየቅ የሚደውሉት ማንን እንደሚያናግሩ ታውቃለች።

በመጨረሻም አማካሪ ፊት አብራችሁ ብትቀመጡ እመርጣለሁ። ሚሊታሪ ዋን ሶርስ የተባለው የወታደር ቤተሰቦች ድጋፍ ሰጪ ለግዳጅ ባትጠራም ለናሽናል ጋርድ አባላትና ለቤተሰባቸው ነፃ የምክር አገልግሎት ይሰጣል፤ ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ፣ በአካል ወይም በቪዲዮ። በአማርኛ መናገር የሚቀላት ከሆነ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ፈልጉ፤ ምርጫውን ለእሷ ስጣት። አልሄድም ካለችህ አትጫናት፤ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ለብቻህ ያዝና ሂድ።