የሀግሪድ ተዋናይ ኮሜዲያን ነበር ወይ?

አዎ ወዳጄ፣ ሃሪ ፖተር ላይ ሀግሪድን የሠራው ሰውዬ መነሻው ኮሜዲ ነው። ሮቢ ኮልትሬን ይባላል። በ1950 እ.ኤ.አ. ግላስጎው አጠገብ ራዘርግለን ተወለደ። የተወለደበት ስሙ አንቶኒ ሮበርት ማክሚላን ነው፤ ኮልትሬንን የወሰደው ከጃዙ ሊቅ ከጆን ኮልትሬን ነው።

ግላስጎው ሥዕል ተማረ፣ ግን ወደ መድረክ አመራ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አስቂኝ ፕሮግራሞች ላይ ይታይ ጀመር። ብላክአደር የሚባለው ኮሜዲ ላይ መዝገበ ቃላት አዘጋጁን ዶክተር ጆንሰንን ሆኖ ሲቆጣ ካላየኸው ፈልገህ እየው።

ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው በ1993 እ.ኤ.አ. የጀመረው ክራከር የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ነው። ፊትዝ የሚባል የወንጀል ሥነ ልቦና ባለሙያ ሆኖ ይጫወታል። ይጠጣል፣ ይቆምራል፣ ትዳሩን ያምሳል፤ ተጠርጣሪ ፊት ሲቀመጥ ግን የሚያህለው የለም። ቀልዱም አልተለየውም፣ መራራ ሆነ እንጂ። ለዚህ ሥራ በምርጥ ተዋናይነት ባፍታን (የእንግሊዝ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት) 3 ዓመት በተከታታይ ወሰደ። ቀልደኛ ከባድ ድራማ አይችልም ለሚሉ መልስ ይሆናቸዋል!

ሁለት የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ላይም ሩሲያዊ ሆኖ አለ። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. በ72 ዓመቱ አረፈ። ከክራከር ጀምር፣ ሌላው ይደርሳል።