መልስ፦ አትላንቲክን ሳያርፍ መጀመሪያ ያቋረጠው ሊንድበርግ ነው?

አይ ወንድሜ፣ አሜሪካዊው አብራሪ ሊንድበርግ በ1927 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የሆነው ብቻውን በመብረሩ ነው። ከእሱ 8 ዓመት ቀድመው፣ በ1919፣ ጆን አልኮክና አርተር ብራውን ተሻግረውታል። ከሰሜን አሜሪካዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት እስከ አየርላንድ፣ 16 ሰዓት ገደማ!

አውሮፕላናቸው ቪከርስ ቪሚ፣ ለቦምብ ጣይነት የተሠራች ነበረች። መቀመጫዋ ክፍት ነው፤ ብርዱን አስበው። ሬዲዮው ብዙም ሳይሄዱ ተበላሸ። ደመና ውስጥ አብራሪው አልኮክ፣ ላይና ታቹ ጠፋበት። እየተሽከረከሩ ወርደው ከደመናው ሲወጡ ባሕሩ እግራቸው ሥር ነበር።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ብራውን ነው። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ፀሐይና ኮከብ በሴክስታንት (ከአድማስ በላይ ያላቸውን ከፍታ በሚለካ መሣሪያ) እየለካ ያንን ሁሉ ውቅያኖስ መራው።

አየርላንድ ውስጥ ክሊፍደን ከተማ አጠገብ፣ ከላይ ሲያዩት ደልዳላ መስክ የመሰላቸው ቦታ ረግረግ ሆነና አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተተከለች። ሁለቱም ግን በደህና ወጡ።