የጊዜ ሰሌዳውን ካነሳን በኋላ መዝገቡ ምን ሆነ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰዓት በተከፋፈለ ሰሌዳ ልጆችሽን ቤት ውስጥ አስተምረሻል። አሁን ሁላችሁም ደክሟችኋል። ወደ አንስኩሊንግ፣ ማለትም ልጁ የራሱን ፍላጎት እየተከተለ ወደሚማርበት መንገድ መዞር አስበሻል። ግን "ካልመዘገብኩ መማራቸውን በምን አውቃለሁ? ሰው ቢጠይቀኝስ ምን አሳያለሁ?" ብለሻል። ባለቤትሽም እንደተጨነቀ ነግረሽናል። እኔ ከአምስት ዓመት በፊት እዚያው ነበርኩ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ሕጉን እዪ። ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። አሜሪካን ብቻ ብትወስጂ፣ ቴክሳስ ውስጥ ወላጅ ለመንግሥት ሪፖርት አያቀርብም። ኒውዮርክ ግን በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጠይቃል። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በዓመት 900 ሰዓት መሙላትም ግዴታ ነው። ፔንሲልቬንያ ደግሞ የልጁ ሥራዎች የተሰበሰቡበት ፋይል ያስፈልጋል። አንቺ ያለሽበት ቦታ የሚጠይቀውን አንብቢና በአንድ ገጽ ጻፊው። እኔ ይህን ሳደርግ ደነገጥኩ። የምጠየቀው ከምመዘግበው ሲሶ እንኳን አይሞላም ነበር። የተረፈውን ያስጻፈኝ ፍርሃቴ ነው።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ይህን ያህል ደቂቃ፣ ንባብ ይህን ያህል ገጽ እያልኩ እሞላ ነበር። አንድ ቀን የ9 ዓመቷ ልጄ ጉንዳኖች ከነሱ የሚበልጥ የሞተ ጥንዚዛ ሲጎትቱ ረጅም ሰዓት ስታይ ቆየች። ከዚያ ሮጣ መጣችና "እማ፣ ይሄ ሳይንስ ተብሎ ይጻፋል ወይስ እንዲሁ ነው ያየሁት?" አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መዝገቤ ልጄን ሳይቀር አስተምሯታል። ያልተጻፈ ነገር አይቆጠርም ብላ አምናለች።

አንስኩሊንግ ስንጀምር ግን ተሳሳትኩ። ሁሉንም በአንድ ቀን አቆምኩት። ትንሹ ልጄ የሒሳብ መልመጃ መጽሐፉን ይወድ ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነህ" ብዬ ስወስድበት አለቀሰ። መለስኩለት። አንስኩሊንግ መጽሐፍ መከልከል አይደለም። ቃሉን ያስለመደው ጆን ሆልት ራሱ ክፍል ውስጥ ያስተምር የነበረ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ለወላጆች መጽሔት ሲጀምርም ቃሉን የተጠቀመበት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ለሚማሩ ልጆች ነው። ስለዚህ አንቺ መጀመሪያ እንባ የሚያመጣውን ትምህርት ብቻ ተይው። የሚወዱትን አትንኪ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ይተኛሉ፣ ይጫወታሉ፣ "ደበረኝ" ይላሉ። በዚህ መንገድ ያለፉ ወላጆች በመደበኛ ትምህርት ላለፈው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ወር ዕረፍት ስጡ ይላሉ። በእኛ ቤት ልጆቹ ቶሎ ለመዱት። እኔ ግን ዓመት ፈጀብኝ። ጨዋታቸው ውስጥ ትምህርት ልሸጉጥ ስሞክር ወዲያው ያውቁብኝና ጨዋታውን ያቆሙ ነበር። እጅሽን መሰብሰብ ከሁሉም ይከብዳል።

አሁን የምንጽፈው ነገሩ ከሆነ በኋላ ብቻ ነው። ዕቅድ የለንም። በሳምንት አንድ ቀን፣ አሥር ደቂቃ፣ አምስት ወይም ስድስት መስመር። ምን እንደሠሩ፣ ምን እንደጠየቁ፣ በራሳቸው ቃል። ፎቶውን ስልኬ ላይ በየወሩ እለያለሁ። ሪፖርት የሚጠየቅ ሰው ይህንኑ በትምህርት ዓይነት ቋንቋ ሊያቀርበው ይችላል። ለምሳሌ ትንሹ ልጄ የእግር ኳስ ውድድር ሰንጠረዥ በራሱ እጅ ይሠራል። ለማሸነፍ 3 ነጥብ፣ ለአቻ 1። አንድ ቡድን 4 አግብቶ 9 ሲገባበት የግብ ክፍያው "ከዜሮ በታች 5" እንደሆነ ማንም አላስተማረውም። እኔ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን ለእህቱ ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ታግዬ ነበር። ሪፖርት ላይ ይሄ "የአሉታዊ ቁጥሮች መደመርና መቀነስ" ይባላል። ውሸት የለበትም።

ሁሉም ነገር ተሟልቷል አልልሽም። የትልቋ የእጅ ጽሑፍ አሁንም ደካማ ነው። ዩኒቨርሲቲ ካሰበች ደግሞ ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ያነበበችውንና የሠራችውን በዝርዝር መያዝ አለብን። ያንን ከእሷ ጋር ጀምረናል።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ የሳምንቱን ማስታወሻ እሱ ይጻፈው። ለመጻፍ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ማለት አለበት። የእኔ ባለቤትም በጣም ይጨነቅ ነበር። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ደብተሩ በእሱ እጅ ነው፤ እኔ አምስት መስመር እጽፍ በነበረበት እሱ ሁለት ገጽ ይሞላል።