ሚኒስትሩን ስለ በጀቱ የሚጠይቀው ማን ነው? ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱን ደብዳቤዎች የተሰጠ መልስ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚኒስትሮችን ስለ መሥሪያ ቤታቸው ወጪና ፖሊሲ እንዴት እንደሚጠይቅ ማወቅ የፈለጉ አንባቢዎች ከምሥራቁ የአገራችን ክፍል ደብዳቤ ልከውልናል። አንዱ ጡረተኛ፣ አንዷ መምህርት፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ ተማሪ ናቸው። ጉዳዩ ሁላችንንም ስለሚነካ የዚህን እትም አምድ በሙሉ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «በባቡር ሥራ 30 ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። የተወካዮች ምክር ቤት ውይይት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አያመልጠኝም። አንድ አባል ረዥም ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ሚኒስትሩ ከዚያ የረዘመ መልስ ይሰጣሉ፤ ውይይቱም ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራል። እኔ ግን ዋናው ነገር ሳይመለስ የቀረ ይመስለኛል። ለመሆኑ አባላቱ ሚኒስትር የመጠየቅ ሥልጣናቸው እስከ ምን ድረስ ነው?»

መልስ፦ አባታችን፣ ሥልጣኑ በቴሌቪዥን ከሚያዩት ይሰፋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ለጥያቄ ይጠራል፤ የሕግ አስፈጻሚውንም አሠራር ይመረምራል። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ለሕግ አስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ እንዲወያይና አስፈላጊ የመሰለውን እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች ስላሉት፣ ሁሉም ተሟልተው ቢሆን፣ ይህ 183 አባላት ማለት ነው። ጃንሆይ በ1948 ዓ.ም. ባወጁት የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። አሁን በሥራ ላይ ባለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 72 ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩም ሆነ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ስለዚህ ሚኒስትሩ መልስ የሚሰጡት ግዴታ ስላለባቸው ነው።

ታዲያ ዋናው ነገር ሳይመለስ የሚቀረው ለምንድን ነው? በመደበኛው ስብሰባ የብዙ አባላት ጥያቄዎች ተሰብስበው ከቀረቡ በኋላ ሚኒስትሩ በአንድነት መልስ ይሰጣሉ። በአንድ ትንፋሽ አምስት ጉዳይ የያዘ ጥያቄ የቀረበላቸው ባለሥልጣን የሚቀናቸውን ሁለቱን በሰፊው አብራርተው ሦስቱን በዝምታ ቢያልፉ ማን ያስተውላል? በእኔ እምነት ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄ በረዘመ ቁጥር ማምለጫውም ይሰፋል። አጭር ጥያቄ፣ አንድ ቁጥር፣ ከዚያም «አልተመለሰልኝም» ብሎ የሚነሳ ተከታይ ጥያቄ ከአሥር ደቂቃ ንግግር የተሻለ ፍሬ ያፈራል። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ጠንከር ያለው ምርመራ የሚካሄደው በቋሚ ኮሚቴዎች ውስጥ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት በአንድ ቋሚ ኮሚቴ ክትትል ሥር ነው፤ ዕቅዱንና የአፈጻጸም ሪፖርቱን ለኮሚቴው ያቀርባል፤ ኮሚቴውም የመስክ ምልከታ አድርጎ በሪፖርቱ የተጻፈውን ከመሬቱ ጋር ያመሳክራል። እርስዎ በቴሌቪዥን የሚያዩት መደበኛ ስብሰባ የዚህ ሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «በሐረር ከተማ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ‹በጀት ከጸደቀ በኋላ ገንዘቡን ማን ይከታተለዋል? ሚኒስትሩስ መቼ ነው ስለ ብሩ የሚጠየቁት?› ብለው ጠየቁኝ። በመማሪያ መጽሐፉ ያለው መልስ ለእኔም አላረካኝም።»

መልስ፦ እህታችን፣ ተማሪዎችዎ የነገሩን ሥር ይዘዋል። አንድ ብር ከመመደቡ በፊት፣ በሥራ ላይ ሳለ እና ከወጣ በኋላ በሦስት ጊዜ ሊጠየቅበት ይችላል።

መጀመሪያ በሚመደብበት ጊዜ ያለውን እንመልከት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያዘጋጀው ረቂቅ በጀት ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ከመዘጋቱ አካባቢ ይጸድቃል። በዚህ ጊዜ አባላቱ መደበኛ (የደመወዝና የዕለት ተዕለት ሥራ) እና ካፒታል (የግንባታና የፕሮጀክት) ወጪው ለምን እንደተጠየቀና የየትኛው አካባቢ ድርሻ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ለ2017 በጀት ዓመት 971.2 ቢሊዮን ብር ከጸደቀ በኋላ በዚያው ዓመት 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸድቋል፤ የ2018ቱ ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ተጨማሪ በጀት ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ መነሳት ያለበት ጥያቄ «የመጀመሪያው የት ደረሰ?» የሚለው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጊዜ ዓመቱ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ለተማሪዎችዎ የሚነግሩት አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን፣ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ግን በአንቀጽ 58 መሠረት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ የበጀቱ የመጀመሪያ ሩብ ዓመት በአብዛኛው መደበኛ ስብሰባ ሳይኖር ያልፋል። መጀመሪያ ላይ የተሳሳተ ወጪ ምክር ቤቱ እንደተከፈተ ካልተጠየቀበት በስድስት ወሩ ሪፖርት ውስጥ ከብዙ ቁጥሮች ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ያለው ነው። በአንቀጽ 101 መሠረት ዋና ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ፣ ወጪው በተፈቀደው በጀት መሠረት ለተመደበለት ሥራ በአግባቡ መዋሉን አረጋግጦ ለተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። ዋና ኦዲተሩን የሚሾመውም በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ምክር ቤቱ ራሱ ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 982/2008 ተደንግጓል። ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው፤ የፋይናንሺያልና ሕጋዊነት ኦዲት ብሩ በሕጉ መሠረት መውጣቱን ሲያይ፣ የክዋኔ ኦዲት ሥራው በቁጠባና በውጤታማነት መከናወኑን ይመረምራል። ለምሳሌ አንድ መንገድ በሕግ ተሠርቶ፣ በሕግ ተከፍሎበት፣ ነገር ግን ማንም የማይሄድበት ሊሆን ስለሚችል ሁለተኛው ምርመራ ከመጀመሪያው አያንስም።

በሪፖርቶቹ ውስጥ ተደጋግመው የሚነበቡ ቃላት አሉ፤ «በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ»፣ «ደንብና መመሪያን ሳይከተል የተፈጸመ ግዥ»፣ «ያልተሰበሰበ ገቢ»፣ «ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት»። ያልተወራረደ ማለት አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ብሎ የወሰደውን ገንዘብ ምን እንዳደረገበት በማስረጃ አላሳየም ማለት ነው። ተማሪዎች ይህን አንድ ቃል በደንብ ቢረዱት የሪፖርቱን ግማሽ የተረዱ ያህል ነው።

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የተመረመረውን መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊዎች በይፋዊ መድረክ ይጠራቸዋል። የኦዲት ባለሙያዎቹ ግኝቱን ያቀርባሉ፤ ኃላፊዎቹ መልስ ይሰጣሉ፤ መሥሪያ ቤቱም ጉድለቱን የሚያርምበትን የድርጊት መርሐ ግብር ያቀርባል። በዚህ መድረክ የጥያቄው አቀራረብ ሁሉንም ይወስናል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ መሥሪያ ቤት 40 ሚሊዮን ብር ያልተወራረደ ሒሳብ ተገኘበት እንበል። «የተሰብሳቢ ሒሳብ አያያዛችሁን ለማሻሻል ምን ታስባላችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ግብረ ኃይልና ስለ ሥርዓት ዝርጋታ የሚተርክ ይሆናል። «ከ40 ሚሊዮኑ ባለፈው ዓመት ስንት ነበር? ከዚያ ወዲህ ስንት ተመለሰ? ቀሪው በማን ስም ነው? እስከ መቼ ይመለሳል?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ኃላፊው ቁጥር መናገር አለባቸው፤ ያ ቁጥር በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያው አባል ያንኑ ገጽ ገልጦ ሊጠይቅ ይችላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ነው።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ግን አልሸሽግም። የኦዲት ሪፖርት ምክር ቤት የሚደርሰው ዓመቱ ከተዘጋ ከወራት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ሚኒስትር ሊቀየር ይችላል። አዲሱ ኃላፊ «ከእኔ በፊት የተፈጸመ ነው» ሲሉ የአዳራሹ ጉልበት ሲላላ ይታያል። ይህ መልስ ተቀባይነት ማግኘት ያለበት አይመስለኝም። የተጠየቀው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ሰው ሲቀየር አይቀየርም። የቀድሞው ኃላፊ የግል ተጠያቂነት በሌላ መንገድ ይታያል፤ ገንዘቡን የመመለስና አሠራሩን የማረም ግዴታ ግን ወንበሩ ላይ ባለው ሰው ይወድቃል።

ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ችግር ለማቃለል የየራሳቸውን መንገድ ፈልገዋል። በእንግሊዝ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ሲቋቋም በጊዜ ሂደት ሰብሳቢው ከተቃዋሚ ወገን የመሆን ልማድ ጸንቷል። በአውስትራሊያ ሴኔት ከ1970 ጀምሮ ኮሚቴዎች የየመሥሪያ ቤቱን የወጪ ግምት ሲመረምሩ ከሚኒስትሩ ጎን የሚቀመጡት ባለሙያዎች ራሳቸው በቀጥታ ይጠየቃሉ። በአገራችንም በስድስተኛው የምክር ቤት ዘመን ለወጪ ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢነት የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ተመርጦ ነበር፤ ይህ ልማድ ሆኖ እንዲጸና እመኛለሁ።

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ መጋላ ሱቅ አለኝ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰውን አልረሳሁም። በሰፈራችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተጀምሮ ከቆመ ቆይቷል፤ ደመና ባየሁ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ተወካያችን ሚኒስትሩን ሊጠይቁልን ይችላሉ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሐምሌ 1998ን ሌሊት ላየ ሰው ስጋቱ እውነተኛ ነው። መልሱ ግን በአንድ ነገር ላይ ይንጠለጠላል፤ ገንዘቡ የማን ነው? ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተሯን ያገኘች፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ፣ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ በጀት ያላት ከተማ ናት። ቦዩ የሚሠራው በአስተዳደሩ በጀት ከሆነ፣ ተጠያቂው የአስተዳደሩ ቢሮ ኃላፊ ሲሆን የሚጠይቀውም የከተማዋ ምክር ቤት ነው። ሥራው የፌዴራል ከሆነ ደግሞ ሚኒስትሩ በተወካዮች ምክር ቤት ይጠየቁበታል። ሁለቱ በሮች በተለያየ ቁልፍ ይከፈታሉ፤ ብዙ ሰው የተሳሳተውን በር ሲያንኳኳ ዓመት ያልፍበታል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ በሥራው ቦታ የተተከለ ሰሌዳ ካለ ያንብቡት፤ አሠሪው፣ ተቋራጩና አማካሪው ማን እንደሆኑ ብዙ ጊዜ ይጻፍበታል። ሰሌዳ ከሌለ ለአሠሪው ይሆናል ብለው ለሚገምቱት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜም 30 ቀን ነው።

ድሬዳዋ በተወካዮች ምክር ቤት ያሏት መቀመጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ይህ ግን ተስፋ አያስቆርጥዎ። በአንቀጽ 54 መሠረት እያንዳንዱ አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ስለዚህ ሚኒስቴሩን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ አባላት የሌላ ክልል ሰዎች ቢሆኑም ለእነሱም መጻፍ ይቻላል። ደብዳቤዎ አንድ ገጽ ይሁን፤ ቦዩ የት እንደሚገኝ፣ መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ እንደቆመ፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ገንዘብና ፎቶግራፉን ይያዝ። ምሬትዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ቀሪውን ለቁጥሩ ይተዉት። አባላት ምክር ቤቱ በሚዘጋበት ክረምት ወደ ምርጫ ክልላቸው ሲመለሱ በሚደረግ የመራጮች ውይይት ላይም ያንኑ ወረቀት በእጃቸው ይስጧቸው።

ጥያቄ፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ጀጎል ውስጥ ነው። የሐረሪ ክልል የቢሮ ኃላፊዎችም እንዲህ ይጠየቃሉ? የክልሉ ቢሮ ‹ገንዘቡን ያዘገየው ፌዴራል ነው› ቢል ማን ነው የሚያጣራው?»

መልስ፦ ይጠየቃሉ፤ አካሉ ብቻ ይለያል። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 አባላት ያሉት ሲሆን፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ አባላት ናቸው። የክልሉ አስፈጻሚ ስለ ክልሉ በጀት መልስ የሚሰጠው ለዚህ ምክር ቤት ነው። ከፌዴራል የሚመጣውን ድጎማ በተመለከተ ድልድሉን የሚወስነው በአንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ የፌዴራል መንግሥቱ ድጎማው በአግባቡ መዋሉን የመመርመርና የመቆጣጠር ሥልጣን በአንቀጽ 94 ተሰጥቶታል።

ስለዚህ ቢሮው ወደ ፌዴራል፣ ፌዴራሉም ወደ ቢሮው ሲያመለክቱ ጥያቄውን በአንድ ወገን ብቻ ማቅረብ አይበቃም። ያንኑ የሒሳብ መደብ፣ ያንኑ የብር መጠን፣ ያንኑ ዝውውር ተደረገበት የተባለውን ቀን የሐረር ተወካይ በክልሉ ምክር ቤት፣ በተወካዮች ምክር ቤት ያሉት ሁለቱ የክልሉ ተመራጮች ደግሞ በአዲስ አበባ ቢጠይቁ፣ የሁለቱ መልስ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ገንዘቡ የቆመበት ቦታ ይታያል።