ሰው ሳይነካው ከተጫነ በኋላ ትእዛዞችን በራሳቸው ማስኬድ፦ ጥያቄና መልስ

ምሶሶ፦ ጥያቄ ክፍት ነው። ርእሱ አንድ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያለ ሰው እጅ ተጭኖ ሲያልቅ ትእዛዞች በራሳቸው እንዲሄዱ ማድረግ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኛው ሲስተም እንደሆነ፣ ትእዛዙን የት እንዳስገባችሁት፣ ሎጉ (ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግበው ፋይል) ምን እንደሚል። የፋይልና የትእዛዝ ስሞችን እዚህ በፊደል ነው የምንጽፋቸው፤ ማሽኑ ላይ በላቲን መልሷቸው። ደግሞ እባካችሁ መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሞክሩ። እውነተኛ ዲስክ ላይ ፎርማት የሚያደርግ ፋይል እየሞከራችሁ እንደሆነ አትርሱ።

ንብ፦ ዲቢያን ሊኑክስ፣ ፕሪሲድ ፋይል። «ሌት_ኮማንድ» (ጭነቱ ሊያልቅ ሲል የሚሄደው ትእዛዝ) ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። አንዱ ፓኬጅ ይጭናል፣ ሌላው የኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያ) ቁልፍ ይገለብጣል። ሁለተኛው ብቻ ነው የሚሠራው።

ምሶሶ፦ ሁለት ጊዜ ስለጻፍከው ነዋ። ፕሪሲድ ስክሪፕት አይደለም፤ ጫኚው ለሚያነሳቸው ጥያቄዎች አስቀድሞ የተጻፈ መልስ ነው። ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ከሰጠኸው የኋለኛውን ይይዛል። ሁሉንም በአንድ «ሌት_ኮማንድ» ውስጥ አድርገህ በሴሚኮለን ወይም በ && አያይዘው። መስመሩ ከረዘመ ጫፉ ላይ ባክስላሽ አድርግ፤ ከባክስላሹ በኋላ ግን አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ እንዳትተው።

ምርጫው ልዩነት አለው። በሴሚኮለን ካያያዝከው የመጀመሪያው ቢወድቅም ሁለተኛው ይሄዳል፤ ጫኚው የሚያየው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ስለሆነ ውድቀቱ ተደብቆ ያልፋል። በ && ከሆነ የወደቀበት ላይ ይቆምና የስህተት መስኮት አውጥቶ ሰው ይጠብቃል። ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ማለት ነው።

ንብ፦ አመሰግናለሁ። አያይዤው አሁን ደግሞ «አፕት-ጌት አልተገኘም» ይላል፤ ፓኬጅ የሚጭነው ትእዛዝ ማለት ነው። የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ኢን-ታርጌት አፕት-ጌት አፕዴት && አፕት-ጌት ኢንስቶል -ዋይ ከርል»።

ምሶሶ፦ ይህን በደንብ ልመልሰው፤ ግማሹ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

«ሌት_ኮማንድ» የሚሄደው አዲሱ ሲስተም ውስጥ አይደለም፤ ጫኚው ውስጥ ነው። አዲሱ ሲስተም በዚያ ሰዓት «/ታርጌት» ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። «ኢን-ታርጌት» ተከትሎት ያለውን አንድ ትእዛዝ ብቻ ወደዚያ ያስገባል። && ጋ ሲደርስ ሼሉ (ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ትእዛዙ አለቀ ይላል፤ ሁለተኛው «አፕት-ጌት» ጫኚው ላይ ይሄዳል፣ ጫኚው ደግሞ አፕት-ጌት የለውም። ወይ ሁለቱም ፊት «ኢን-ታርጌት» ጻፍ፣ ወይም ሁሉንም «ኢን-ታርጌት ኤስኤች -ሲ» ብለህ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አስገባው።

ከዚህ የባሰው የ > ምልክት ነው፤ ስህተት እንኳ አያሳይም። «ኢን-ታርጌት ኤኮ ሰላም > /ኢቲሲ/ሞትድ» ካልክ «ኤኮ»ው አዲሱ ሲስተም ውስጥ ይሄዳል፣ ፋይሉ ግን የሚፈጠረው ጫኚው «/ኢቲሲ» ላይ ነው። ሪስታርት ሲያደርግ አብሮ ይጠፋል። ወይ «ኢን-ታርጌት»ን ትተህ «/ታርጌት/ኢቲሲ/ሞትድ» ብለህ ሙሉውን ጻፍ፣ ወይ ጥቅሱ ውስጥ አስገባው።

እንዲያውም ሥራውን በሙሉ ከዚያ አውጣው። «ሌት_ኮማንድ» ሦስት ነገር ብቻ ያድርግ፦ አንድ ስክሪፕት ይገልብጥ፣ 755 ፈቃድ (እንዲሄድ የሚያስችለውን) ይስጠው፣ አንድ የሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ሥራዎችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሰርቪስ «ኢኔብል» ያድርግ፣ ማለትም ቡት ሲያደርግ እንዲነሳ ይመዝግብ። የቀረው ሁሉ መጀመሪያ ቡት ሲያደርግ ይሂድ። ምክንያቱም ጫኚው ውስጥ አዲሱ ሲስተም ገና አልተነሳም፤ «ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል» ሊንክ ስለሚፈጥር ብቻ ይሠራል፣ «ስታርት» ግን አይሠራም። ዳታቤዝ ማስነሳት፣ ሰርቪስ ማነጋገር፣ ፋየርዎል መጫን እዚያ ቦታው አይደለም።

ዳመና፦ ሰርቪሱ ምን ይመስላል?

ምሶሶ፦ ዓይነቱ «ዋንሾት»፤ አንዴ ሄዶ የሚያበቃ። «ኮንዲሽን ፓዝ ኤግዚስትስ» ላይ የምልክት ፋይል ስም ጻፍ፣ ከፊቱ ቃለ አጋኖ አድርግ፤ «ይህ ፋይል ከሌለ ብቻ ሂድ» ማለት ነው። ስክሪፕቱ የምልክት ፋይሉን የሚፈጥረው በመጨረሻው መስመር ይሁን። መጀመሪያ ላይ ከፈጠረው መሃል ላይ ቢወድቅ ዳግም አይሞክርም። ለዚህም ነው እያንዳንዱ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢሄድ የማይበላሽ መሆን ያለበት፦ «ኤምኬዲር -ፒ» እንጂ «ኤምኬዲር» አይደለም፤ ፋይል ጫፍ ላይ መስመር መጨመር ሳይሆን ፋይሉን ሙሉ መጻፍ።

የስክሪፕቱ ሁለተኛ መስመር «ሴት -ኢዩ» (ስህተት ካለ ቁም)፣ ሦስተኛው ውጤቱን በሙሉ ወደ «/ቫር/ሎግ» የሚያዞር «ኤግዜክ»። «ዴቢያን_ፍሮንትኤንድ» የሚለውን «ኖንኢንተራክቲቭ» አድርገው፣ ፓኬጆች ጥያቄ እንዳያነሱ። «ዋንሾት» ሰርቪስ በራሱ የጊዜ ገደብ የለውም፤ መልስ የሚጠብቅ ፓኬጅ ካለ ለዘላለም ቆሞ ይቀራል። «ታይምአውት ስታርት ሴክ» 30 ደቂቃ አድርገው። የአፕትን ቁልፍ (ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ እንዳይጭን የሚከለክለውን) ሌላ ፕሮግራም ይዞት ቢሆን እንዳይወድቅ «ዲፒኬጂ፦፦ሎክ፦፦ታይምአውት» 300 ስጠው፤ በሰከንድ ነው። (እያንዳንዱ «፦፦» ላቲን ላይ ሁለት ኮለን ነው።)

ቀለም፦ ኔትወርኩስ? ሰርቪሱን «ኔትወርክ-ኦንላይን» (ኔትወርኩ ሲነሳ የሚደረስበት የሲስተምዲ ደረጃ) ጠብቅ ካልኩት በቂ ነው አይደል።

ዳመና፦ በቂ አይደለም። አድራሻ አገኘ ማለት የሰርቨር ስም ወደ አድራሻ ይፈታል ማለት አይደለም።

ቀለም፦ እኔ ጋ ሁሌም ሠርቷል።

ዳመና፦ አንቺ ጋ ስዊቹ ፈጣን ስለሆነ ነው። ፖርቱ እስኪከፈት 30 ሰከንድ የሚወስድበት ቦታ ላይ ሞክሪው።

ምሶሶ፦ የዳመና መልስ ትክክል ነው። «አፍተር»ም «ዋንትስ»ም መጻፍ አለባቸው፤ «አፍተር» ብቻ ቅደም ተከተል ነው፣ ማንም ካልጠራው አይጠብቅም። ከዚያ ስክሪፕቱ ራሱ የምትፈልጉትን የፓኬጅ ሰርቨር 10 ሰከንድ እየቆየ 30 ጊዜ ይሞክር። 5 ደቂቃ ነው፤ ካልሆነ ይውደቅና ሎግ ይተው።

ዳመና፦ ይህ ሁሉ ሼል ምን ያደርጋል፣ ማሽኖችን ከሩቅ የሚያዋቅረው አንሲብል እያለ?

ቀለም፦ አንሲብል እንዲገባ ዩዘሩን፣ ቁልፉንና ፓይተኑን ማን ያስቀምጥለት?

ዳመና፦ «አንሲብል-ፑል» አለ እኮ፣ ማሽኑ ራሱ ይጎትታል።

ቀለም፦ እሱን ማን ይጭነዋል? ተመልሰን ሼል ላይ ነን።

ምሶሶ፦ ይብቃ፣ ለሌላ ቀን። ቀጣይ።

ጭላንጭል፦ ጋሼ፣ ዊንዶውስ ላይ ነኝ። ጭነቱ ሲያልቅ መሄድ ያለበት «ሴትአፕኮምፕሊት.ሲኤምዲ» አይነሳም። ሎጉ ላይ ስሙም የለም።

ምሶሶ፦ ሎግ ስላየህ ተባረክ። መጀመሪያ ቦታው፦ «ዊንዶውስ\ሴትአፕ\ስክሪፕትስ» ውስጥ መሆን አለበት። ሁለተኛ ቁልፉ፦ የአምራች ማለትም የኦኢኤም ፕሮዳክት ቁልፍ ከሆነ ይህ ፋይል አይሄድም፤ ኢንተርፕራይዝና ሰርቨር ሲቀሩ። ላፕቶፖች ላይ «ጠፋ» የሚባለው አብዛኛው ጊዜ በዚህ ነው። እንዲህ ከሆነ መልስ ፋይሉ ውስጥ «ፈርስትሎጎንኮማንድስ» ተጠቀም፤ እሱ ግን ሰው ወይም አውቶሎጎን እስኪገባ ይጠብቃል።

ሲሄድም የሚሄደው በሲስተም መብት ነው። ያንተ የኔትወርክ ድራይቭ ፊደል አይታየውም። የዩዘር ሬጅስትሪ ላይ የጻፍከው የሲስተም ዩዘር ላይ ያርፋል፤ ለወደፊት ዩዘሮች ከሆነ የ«ዲፎልት»ን «ኤንቲዩዘር.ዳት» ጭነህ፣ ጽፈህ፣ መልሰህ አውርድ። ውስጡ ሪስታርት አታዝዝ። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ከነቦም (ፋይሉ ፊት ከሚገባው ስውር ምልክት ጋር) ከተቀመጠ የመጀመሪያው መስመር ይበላሻል። የስክሪፕቱ የመውጫ ኮድ አይታይም፤ ራስህ ሎግ ጻፍ።

ዘንባባ፦ ሰላም፣ የእኔ አልሠራም። ምን ላድርግ?

ምሶሶ፦ ከላይ የጠየቅኩትን ሦስት ነገር ጻፍ።

ዘንባባ፦ ሊኑክስ ነው። ስክሪፕቱ አይሄድም።

ምሶሶ፦ ሊኑክስ ብቻ? የትኛው? የት አስገባኸው? ሎጉስ? ጠንቋይ አይደለሁም ወንድሜ።

ቀለም፦ ኡቡንቱ አውቶኢንስቶል (የፕሪሲድ አቻ) ላይ «ሌት-ኮማንድስ» ውስጥ አንዱ ትእዛዝ ሲወድቅ ጭነቱ በሙሉ ይቆማል። ልማዱ ነው?

ምሶሶ፦ ልማዱ ነው። ቢወድቅ ግድ የማይሰጥሽን ትእዛዝ «|| ትሩ» (ቢወድቅም እንደተሳካ ቁጠረው) ጨምሪበት፤ ሌላው ይቁም። አዲሱ ሲስተም ውስጥ ለማስኬድ «ከርቲን ኢን-ታርጌት --ታርጌት=/ታርጌት --»። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ በሃሽ ምልክት (#) የሚጀምረው «ክላውድ-ኮንፊግ» መሆኑን እይ፤ ያ ከሌለ ፋይሉን ከነጭራሹ አያነበውም።

ፀደይ፦ የሬድ ሃትና የፌዶራ ኪክስታርትስ?

ምሶሶ፦ ትእዛዞቹ «%ፖስት» ስር፣ መዝጊያው «%ኤንድ»፣ ላዩ ላይ «--ሎግ» እና «--ኤረርኦንፌይል»። ከጫኚው በኩል ፋይል መገልበጥ ከፈለጋችሁ «--ኖችሩት»። መጀመሪያ ቡት ላይ የሚሄደው ሰርቪስ እንደ ዲቢያኑ ነው።

ፀደይ፦ ማክ ላይስ?

ምሶሶ፦ አይ።

ቀለም፦ ፓስወርድ መልስ ፋይሉ ውስጥ ማስቀመጥ አደጋ አለው?

ምሶሶ፦ አለው። ዊንዶውሱ የሚደብቀው ቤዝ64 ነው፤ ምስጠራ አይደለም፣ ማንም ይመልሰዋል። ሊኑክስ ላይ የፓስወርዱን ሃሽ (ወደ ፓስወርዱ በቀጥታ የማይመለስ ኮድ) አስገቢ፤ እሱም ቢሆን ፋይሉን በኤችቲቲፒ (ሳይመሰጠር) ካቀረብሽው ያ ኔትወርክ ላይ ያለ ሁሉ ያነበዋል። ፍላሽ ላይ የቀረውንም አትርሺ።

ጎህ፦ እኔ ዲቢያን ላይ «ሌት_ኮማንድ» ሁለት ጊዜ ጽፌ አንዱ ብቻ...

ምሶሶ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ። ወደ ላይ።

ንብ፦ ሰርቪሱን እንዳልከው አደረግኩት። «ኢኔብልድ» ይላል፣ ቡት ሲያደርግ ግን ምንም አይሄድም፣ ሎግ ፋይሉም አልተፈጠረም። «ጆርናልሲቲኤል -ዩ» ላይ ኮንዲሽኑ ስላልተሟላ ታለፈ ይላል።

ምሶሶ፦ ቃለ አጋኖዋን ረስተሃታል። ያለሷ «ፋይሉ ካለ ሂድ» ሆኗል፤ ፋይሉን የሚፈጥረው ደግሞ ያው የማይሄደው ስክሪፕት ነው።

ንብ፦ እውነትም የለችም። ሄደ።