መልስ፦ ወንድምዎ ወደ ግዳጅ ከመመለሱ በፊት
የአተነፋፈስና ጡንቻ የማላላት ልምምድ ወታደር ወንድምዎን ከጦርነት በኋላ ከሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት ይጠብቀው እንደሆነ ጠይቀዋል፤ እንደ ክትባት አይከላከልለትም፣ ነገር ግን የተወጠረ ሰውነቱን ራሱ ማርገብ እንዲችል ስለሚያስለምደው ዛሬውኑ ይጀምር።

እስከ 4 እየቆጠረ በአፍንጫው አየር ይሳብ፤ እስከ 6 እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያስወጣ። ቀጥሎ ጡጫውን ለ5 ሰከንድ ያህል ጨብጦ ይልቀቀው፤ ትከሻውን፣ መንጋጋውንና እግሩንም በተራ እንዲሁ ያድርግ። በደብረ ብርሃን ብርድ ትከሻ ሳይታወቅ ስለሚኮማተር ጋቢ ደርቦ ቢለማመድ ይሻላል። በሰላሙ ጊዜ በየዕለቱ ካልተለመደ በጭንቅ ሰዓት አይታወስም።

እዚህ ሰሜን ሸዋ ከግንባር የተመለሱ ልጆችን ሳለማምድ እንዳየሁት፣ አንዳንዱ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያሳለፈው ነገር ድቅን ይልበትና ልቡ ይደልቃል፤ ወንድምዎም እንዲህ ከሆነ ዓይኑን ገልጦ ወለሉን እያየ ይቀጥል፣ ካልቻለም ያቁም እንጂ አያስገድዱት።