በቀን አንድ ፍራክታል ለጀመረችው እህት

ሰላም እህቴ። «በየቀኑ አንድ የፍራክታል ምስል ሠርቼ ልለጥፍ ብዬ ጀመርኩ፤ በሁለት ሳምንቴ ሰለቸኝ። ሒሳብ አልችልም፣ ኮምፒውተሬም አሮጌ ነው። ሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው የሠራው ይለኛል» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ይህን ሥራ ከያዝኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ፤ ያየሁትን ልንገርሽ። (ለማያውቅ አንባቢ፦ ፍራክታል ማለት ወደ ውስጡ በገባን ቁጥር ተመሳሳይ ቅርጽ በትንሹ እየተደጋገመ የሚወጣበት ምስል ነው።)

የሰለቸሽ በየቀኑ አዲስ ነገር ስለምታሳድጂ ይመስለኛል። እኔም ዛሬ አንዱን ቀመር፣ ነገ ሌላውን እያልኩ ወሩ ሲያልቅ ሠላሳውም ምስል አንድ ዓይነት ሆኖብኝ ነበር። የለወጠኝ አንድ ቦታ ላይ ሳምንት ሙሉ መቀመጥ ነው። በሒሳብ ሊቁ ማንደልብሮት ስም በሚጠራው ታዋቂ ፍራክታል፣ በማንደልብሮት ስብስብ ውስጥ ትልቁ የልብ ቅርጽና ከጎኑ ያለው ክብ በሚገናኙበት ላይ ጠባብ ሸለቆ አለ፤ በአግድም −0.75፣ በቁም 0.1 አካባቢ። ጭራቸው የተጠቀለለ ቅርጾች ስለሞሉት የባሕር ፈረስ ሸለቆ ይሉታል። ሰኞ እዚያ ምስሉን እያጎላሽ ግቢ። ማክሰኞ ከሰኞዎቹ አንዱን ጭራ ይዘሽ ውረጂ። ረቡዕ ምንም ሳትወርጂ ቀለሙን ብቻ ቀይሪ።

ሒሳቡ አያስፈራሽ። አንድ ነጥብ ትመርጫለሽ፤ ከዜሮ ተነስተሽ ቁጥሩን በራሱ አባዝተሽ ያንን ነጥብ ትደምሪበታለሽ፤ የወጣውን እንደገና እንዲሁ። ከመሃሉ ከ2 በላይ ከራቀ አመለጠ፣ አይመለስም። ቀለሙን የሚወስነው በስንተኛው ዙር እንዳመለጠ ነው፤ ጨርሶ የማያመልጠው ጥቁር ይሆናል። በጥልቀት ስትገቢ ምስሉ በጥቁር ከተደፈነብሽ የዙሩን ጣሪያ፣ ማለትም ፕሮግራሙ እስከ ስንት ዙር እንደሚያሰላ፣ ከፍ አድርጊው። ለአሮጌ ኮምፒውተር ዛኦስ (XaoS) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ በማውሱ ግራ ቁልፍ ትገቢያለሽ፣ በቀኙ ትወጫለሽ።

ቀለም ላይ ግን ጊዜ ስጪ። እኔ የፕሮግራሙን ቀስተ ደመና የተውኩት አንድ ምሽት ጣና ዳር ነው። አንድ ታንኳ ዳር ደርሶ ሲጎተት አጠገቡ ቆሜ ደንገሉን አየሁት፦ ውኃ የጠጣው ታችኛው ክፍል ቡናማ ሆኖ ሊጠቁር ደርሷል፣ ከፍ ሲል እንደ ገለባ ቢጫ ነው፣ የታሰረበት ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቀርቶበታል። ማታ እነዚያን ሦስት ቀለሞችና የሐይቁን ግራጫ ብቻ ይዤ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ከአራት አምስት ቀለም በላይ አልነካም፤ ቀለሙንም ከዕለቱ እወስዳለሁ። በነገራችን ላይ ማንደልብሮት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 የብሪታንያ ባሕር ዳርቻ ስንት ይረዝማል ብሎ ጽፏል፤ መለኪያሽ ባጠረ ቁጥር ዳርቻው ይረዝማል ነው ነገሩ። የዘጌን ዳር በጀልባ ተጠግተሽ ስትዞሪው ይገባሻል። «ፍራክታል» የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፣ «የተሰበረ» ከሚል የላቲን ቃል።

«ኮምፒውተሩ ነው የሠራው» ለሚሉሽ የአክስቴን ነገር ልንገርሽ። ከአንድ ቦታ የወጡ፣ በቀለም አንድ የሆኑ ሁለት ምስሎች አሳየኋት። ትንሽ ዝም ብላ አየችና «ይቺኛዋ ትተነፍሳለች፤ ያቺ ታፍናለች» አለችኝ። ልዩነታቸው በታፈነችው ጥምዝምዙን መሃል ላይ ደቅኜው፣ በሌላዋ ወደ ጥግ ገፍቼ ባዶ ቦታ መተዌ ብቻ ነበር። ሁለቱንም ያሰላው አንድ ማሽን ነው፤ የገፋሁት እኔ ነኝ። ቀጥላም «እንደ መስቀሉ ነው፣ ጫፉ ላይ ሌላ ትንሽ መስቀል እንዳለው» አለች። ፍራክታልን ለሰው ሳስረዳ አሁን የምጀምረው ከዚያ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ተጠንቀቂ። ትልቅ ምስል ሌሊቱን ሙሉ ሲሰላ አድሮ ሊነጋጋ ሲል መብራት ጠፋብኝ፤ ቦታውን ስላልመዘገብኩት ዳግመኛ አላገኘሁትም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ከምስሉ በፊት የቦታውን ፋይል አስቀምጪ፤ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ናት። ቴሌግራም ላይም እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቅና ቀጫጭኑ መስመር ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ላኪው።

የሰኞውን ስትለጥፊ ቁጥሮቹን ከሥሩ ጻፊልን። እኔም ከዚያው ቦታ በራሴ ቀለም አንድ አወጣለሁ፣ ጎን ለጎን እናያቸዋለን።